ለመስኮት የወጣ መመሪያ

ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት፣ ከቅዳሜ ገበያ ጀርባ፣
የጋሽ አጣናውን ወፍጮ ቤት በር ገፍቼ ስገባ፣
ውጭው ጠራራ ፀሐይ፣ ውስጡ ቀይ ጭጋግ፤
አምፖሏ ብናኙን ስትሰነጥቅ፣ ደግሞ ስትሸሸግ።
ወረፋ የያዙት ሴቶች አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው፣
ከነቁናቸው ተደርድረው፣
አንዷ «ይማርሽ» ስትል ራሷ ታስነጥስና፣
«ያኑርሽ» የምትለው ጠፍታ፣ ሁሉም ይስላል እንደገና።

ሣጥኗን ከቦርሳዬ አውጥቼ ካቁማዳ ላይ አኖርኳት፤
ከሳሙና አትበልጥም። ቁልፏን ተጫንኳት።
አየር ትስባለች፤ ታስባለች፤
ከዚያ እንደ ጨዋ ምስክር፣ ያየችውን ብቻ ትላለች።
አራት መቶ ስልሳ።

ጋሽ አጣናው ሳቀ፤
ቅንድቡ በጤፍ ነጥቶ፣ ጢሙ በበርበሬ ቀልቶ፤
«ሚዛን ስትፈትሹ ኖራችሁ፣ ዛሬ ደግሞ ነፋስ መጥቶ?
ነፋስን በኪሎ ማን ሰፍሮት ያውቃል፣ ልጄ?
ሠላሳ ዓመት ስምገው ኖርኩ፤ ይኸው አለሁ በደጄ!»
አለና ሳለ።
ሳሉ ረዘመ። ቀበቶው መሾሩን ቀጠለ።

ሽባባው ከሞተሩ ጥግ፣ ጆንያ ይዞ ቀና አለ፤
ሽፋሽፍቱ ላይ የሰፈሩ ራት ተኝቷል።
አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሲተነፍስ ይሰማል፤
ያረጀ በር ሰው እንደሚገፋ፣ ደረቱ ሲጥ ይላል።

መመሪያው በእጄ ነው፦ አንቀጽ ስምንት፣ ንዑስ ሁለት፤
«ብናኝ የሚበዛበት ቤት ይኑረው ሁለት መስኮት፤
ለሠራተኛው ጭምብል፤ ያልፈጸመ ይታሸጋል።»
ማኅተሙን መታሁ። «ዐሥራ አምስት ቀን ይሰጥዎታል።»
ወረቀቱን ሲቀበለኝ፣ ቀይ አሻራ ቀረበት።

ወደ አዘዞ ስመለስ ታክሲው እስከ አፉ ሞልቷል፤
የሰው ሁሉ ትንፋሽ መስታወቱ ላይ ላብ ሆኗል፤
ከኋላ ሕፃን ይስላል።
መስኮቱን በጣት ስፋት ገፋ ባደርገው፣
«ኧረ ዝጊው!» «ምች አለ!» «ብርድ ነው ሰው የሚገድለው!»
ዘጋሁት።
ለታክሲ አንቀጽ የለኝም። ብርዱንም እኔው ፈራሁት።

ቤቴ ሞቋል። ታኅሣሥ ነው። እናቴ ከሰሏን አንድዳ፣
በጋዜጣ ወትፋዋለች የግድግዳውን ቀዳዳ፤
የወንድሜን ልጅ ከጎኗ፣ በጋቢ ጠቅልላ አስተኝታ።
ሣጥኗን ሳላጠፋት ኖሮ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ጮኸች።
አወጣኋት።
አምስት መቶ አሥር።

መመሪያውን ገለጥኩ፤ ስምንትን፣ ዘጠኝን፣ እስከ ፊርማው ድረስ፤
ወፍጮ ቤት ይላል፤ ጋራዥ፤ መጋዘን፤ የመማሪያ ክፍል።
የእናት ጉያ አይልም።
«እማ፣ መስኮቱን ላንድ አፍታ…»
«ነፋስ ገብቶ ልጁን ይምታው?»
አልተሟገትኩም። ፊቷን እስክታዞር ጠብቄ፣
ከተወተፈው ጋዜጣ አንድ ቅጠል ብቻ ነቅዬ፣
ቁጥሯን ሳይ አመሸሁ፦ አራት መቶ ዘጠና… ሰማንያ ሁለት…
እናቴ በእንቅልፍ ልቧ ጋቢውን ወደ ልጁ ሳበች።

በዐሥራ አምስተኛው ቀን ሄድኩ። አጣናው ግድግዳውን በስቷል፤
አንድ መስኮት በገበያው፣ አንድ ጠማማ በቀሃ በኩል።
ሽባባው ከጠማማው ሥር፣ ጭምብሉን ወደ አገጩ ሳብ አድርጎ፣ ቆሎ ይበላል።
ሁለት መቶ ሠላሳ።
«ዱቄቴን ለነፋስ አስበተንሽኝ» አለ።
ቀጥሎ እንደ ቀልድ፣ «ያንቺስ ቤት ስንት ይላል?»

ልዋሽ አሰብኩ። ነገርኩት።
አልሳቀም።
ከመስኮቱ የተረፈ ቆርቆሮ፣ እንደ ቱቦ ጠቅልሎ አመጣልኝ፤
«ለጭስ መውጫ ይበቃል። እናትሽን አታስቆጫት፤ ብርድ አያስገባም በያት።»

ስጦታ መቀበል በአንቀጽ ሃያ ክልክል ነው።
በሰማንያ ብር ገዛሁት። ደረሰኝ ጻፈልኝ፤
እስካሁን ፋይሌ ውስጥ አለ፣
ጥጉ ላይ ቀይ አሻራ ያለበት።